ማርካው ሲሸፈን፦ ስለ ወይን ጠጅ ቅምሻ ታሪክ

ባለፈው ጥር ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ቦታ ቦታችንን ከያዝን በኋላ አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ከሙሽሮቹ አጠገብ በተዘረጋው የክብር ገበታ ላይ ከውጭ አገር የመጣ ቀይ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ተደርድሯል። እኛ ወደ ተቀመጥንበት ወደ ድንኳኑ ጫፍ ግን የሚመጣው በማንቆርቆሪያ የሚቀዳ ጠጅ ነው። ከመካከላችን ደፈር የሚለው ልጅ አሳላፊውን፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸውና፣ «ጋሼ፣ ከዚያኛው ለኛም ቢደርሰን ምናለበት?» አላቸው። «እሱ ለትልልቆቹ ነው ልጄ፤ ለናንተ ጠጁ ይበቃችኋል» ብለውት አለፉ።

ያን ጊዜ ነው ዓይናችንን ወደ ትልልቆቹ የጣልነው። አንድ የተከበሩ አዛውንት ዶሮ ወጡን ጎረስ አደረጉና ከወይኑ ተጎነጩለት። ፊታቸው ጭምድድ አለ። ቀስ ብለው ወደ ጠጁ ማንቆርቆሪያ አየት አደረጉ፤ ግራና ቀኛቸውንም ተመለከቱ። ከዚያም ብርጭቋቸውን ይዘው እንደ ገና ተጎነጩ። ጠጅ ሳይጠይቁ ሰርጉ አለቀ።

ለመሆኑ የእኒያን አዛውንት ምላስ ያዘዘው ማነው? ይህ ጥያቄ ከሰርጉ ተከትሎን ግቢ ገባ። ሽሮና ምስር በሚፈራረቁበት ካፌ እየበላን ስለ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ መጻፋችንን ቅብጠት ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። እኛ ግን ነገሩን ስናገላብጠው ያገኘነው የጠርሙስ ወሬ ብቻ ሆኖ አይደለም። መልካሙን ከመጥፎው የሚለየው ማነው፤ የቀመሰው ሰው ነው ወይስ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት? የወይን ጠጅ ቅምሻ ታሪክ የዚህ ክርክር ታሪክ ነው። እንጀምር።

የደላሎቹ መዝገብ

በ1855 (በዚህ ጽሑፍ የአውሮጳውያንን አቆጣጠር ነው የምንከተለው፤ በኛ ሲሆን እንናገራለን) የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን በፓሪስ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከየአውራጃው ምርጥ ምርጡ ዕቃ ተጠራ። የቦርዶ ሰዎች ደግሞ የሚኮሩበት ወይን ጠጃቸው ነውና፣ የከተማይቱ የንግድ ምክር ቤት የወይን ደላሎችን «ጠጆቻችንን በየደረጃቸው መድቡልን» ብሎ ጠየቃቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ ደላሎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ብርጭቆ በብርጭቆ ሲቀምሱ ይታየው ይሆናል። እንዲያ አልነበረም። ደላሎቹ መዝገባቸውን ነበር የገለጡት። የትኛው እርሻ ወይኑን ለብዙ ዓመታት በስንት ሲሸጥ እንደኖረ አዩ፤ ውድ የተሸጠውን ከላይ፣ ረከስ ያለውን ከታች እያደረጉ ቀዩን ወይን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ደለደሉት። በሁለት ሳምንት ገደማ ሥራው አለቀ። አንደኛ የተባሉት አራት ብቻ ነበሩ፤ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦብሪዮን።

ደላሎቹን ለመውቀስ አይደለም። ዋጋ መመዝገብ የደላላ ሥራ ነው፤ ከዋጋውም ጀርባ ቢሆን የብዙ ዘመን የገዢ ምላስ አለበት። ነገሩ የከፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ለአንድ ኤግዚቢሽን የተጻፈው ወረቀት እንደ ሕግ ጸና። መጀመሪያ ዋጋ ደረጃን ወለደ፤ ቀጥሎ ደረጃው ዋጋን ይወልድ ጀመር። የእርሻዎቹ ባለቤቶች ሞቱ፣ ተቀየሩ፤ መሬቱም ተሸጠ፣ ተለወጠ፤ ወረቀቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከነበረበት ደረጃ ከፍ ያለ አንድ ቤት ብቻ ነው። እሱም ሙቶን ሮትሺልድ ነው፤ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ለመውጣት እስከ 1973 ድረስ 118 ዓመት ፈጀበት። ያውም ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ለአሥርታት ደጅ ጠንቶ ነው።

ሥሩ የማነው?

ወረቀቱ ሳይነቃነቅ ከመሬት በታች ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። በ1860ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ የወይን ተክሎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደርቁ ጀመር። በ1868 ፕላንሾን የተባለ የዕፅዋት ሊቅና ባልደረቦቹ ሥር ቢቆፍሩ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቢጫ ነፍሳት አገኙ፤ ፊሎክሴራ ትባላለች። አገሯ ሰሜን አሜሪካ ነው። ከዚያ በመጣ ተክል ተሳፍራ የገባች ናት። የፈረንሳይን የወይን እርሻ አብዛኛውን አወደመችው።

መድኃኒቱስ ከየት ተገኘ? ከዚያው ከአሜሪካ። የአሜሪካ የወይን ሥር ከነፍሳቷ ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ ይቋቋማታል። ስለዚህ የፈረንሳይን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ሥር ላይ እያዳቀሉ ተከሉት። እስከ ዛሬም ድረስ አብዛኛው የፈረንሳይ ወይን የቆመው በዚሁ ሥር ላይ ነው። «የአገራችን አፈር፣ የአባቶቻችን ተክል» እየተባለ የሚዘፈንለት ጠርሙስ ከግንዱ በታች የባዕድ እግር ነበረው ማለት ነው። ይህን ማርካው አይናገርም።

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ዕድላቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መጥመቅና መሸጥ በሕግ ተከለከለ። በካሊፎርኒያ የነበረው የወይን ጥበብ ተበተነ። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ከሀ ብለው ተነሡ፤ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ እየተረዱ፣ ከአውሮጳ በተሰደዱ ጠማቂዎች እየተመሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ናፓ በሚባለው ሸለቆ ወጣት ጠማቂዎች ብቅ አሉ። ከነዚህ አንዱ ማይክ ገርጊች፣ በክሮኤሺያ ከወይን ጠማቂ ቤተሰብ ተወልዶ በ1958 ካሊፎርኒያ የገባ ስደተኛ ነው። ሌላው ዋረን ዊኒያርስኪ፣ የፖላንድ ስደተኞች ልጅ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የነበረ፣ መምህርነቱን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወይን እርሻ የሄደ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ከደላሎቹ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1968

በፓሪስ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁም ጎን ቅምሻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። አሜሪካዊት ባልደረባው ፓትሪሺያ ጋላገር የአሜሪካ ነፃነት ሁለት መቶኛ ዓመት መድረሱን አስባ፣ የካሊፎርኒያን ወይን ለፈረንሳዮች እናስቀምሳቸው አለችው። ሁለቱም ማንንም ለማዋረድ አላሰቡም። እንግዶቹ ወይኖች ጥቂት ምስጋና ቢያገኙ በቂያቸው ነበር።

ቅምሻው የተደረገው በሜይ 24 ቀን 1976፣ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በአንድ የፓሪስ ሆቴል ውስጥ ነው። ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ተሰየሙ። ተራ ሰዎች አልነበሩም። የታወቀው የወይን መጽሔት አዘጋጅ ኦዴት ካን፣ የስመ ጥሩው ምግብ ቤት የ«ግራን ቬፉር» ባለቤት ሬይሞን ኦሊቬር፣ የ«ሮማኔ ኮንቲ» ባለድርሻ ኦቤር ደ ቪሌን፣ ከመዝገቡ ቤቶች የአንዱ የ«ዢስኩር» ሰው ፒዬር ታሪ ከመካከላቸው ነበሩ። በፈረንሳይ ስለ ወይን የሚናገር አፍ ተሰብስቦ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስፐሪየር አንድ ነገር ወሰነ፤ ማርካው እንዳይታይ አደረገ። ዳኞቹ የትኛው ብርጭቆ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ከ20 ነጥብ እንዲሰጡ ተስማሙ። መጀመሪያ ነጩ ቀረበ፤ ስድስት የካሊፎርኒያ፣ አራት የፈረንሳይ ቡርጎኝ። ቀጥሎ ቀዩ፤ ስድስት የካሊፎርኒያ፣ አራት የቦርዶ። ከቦርዶዎቹ ውስጥ የ1970 ሙቶንና የ1970 ኦብሪዮን፣ ሁለት አንደኛ ደረጃዎች ነበሩ።

የሆነውን አብሮ ያየ አንድ ጋዜጠኛ ብቻ ነበር፤ የ«ታይም» መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር። የብርጭቆዎቹ ዝርዝር በእጁ ስለነበረ ዳኞቹ የማያውቁትን እሱ ያውቅ ነበር። አንዱ ዳኛ ከነጩ ቀምሶ አሁን ገና ወደ ፈረንሳይ ተመለስን ሲል በደስታ ተናገረ፤ የቀመሰው ግን የናፓ ነበር። ሌላው ደግሞ ይህስ ጠረን የለውም፣ ካሊፎርኒያ ለመሆኑ አያጠራጥርም አለ፤ የያዘው ከቡርጎኝ የተከበሩት አንዱን፣ ባታር ሞንራሼን ነበር።

ነጥቡ ሲደመር ከነጮቹ አንደኛ የወጣው የ1973 ሻቶ ሞንተሌና፣ ያ የክሮኤሺያው ስደተኛ የጠመቀው ሆነ። ከቀዮቹ አንደኛ የ1973 ስታግስ ሊፕ፣ የመምህሩ የዊኒያርስኪ። ሁለተኛ ሙቶን። ያን አንደኛ የወጣውን ቀይ ያፈራው ተክል ገና የሦስት ዓመት ችግኝ ነበር።

ኦዴት ካን የነጥብ ወረቀቷ እንዲመለስላት ጠየቀች። ስፐሪየር እምቢ አለ።

ለእውነት ስንል የተሸናፊዎቹንም ክርክር እንስማ። የቦርዶ ቀይ ወይን ቶሎ የሚደርስ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ለሱ ልጅነት ነው፤ ታግሣችሁ ብታዩት ኖሮ ሌላ ትሉ ነበር አሉ። ዘጠኝ ሰው ስንት ነው፣ ነጥቡስ ምን ያህል ተራርቆ ነው ያሉም ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ በሙቶንና በስታግስ ሊፕ መካከል የነበረው ልዩነት ጥቂት ነበር፤ የዳኞቹም ነጥብ እርስ በርሱ ይለያይ ነበር። ሆኖም «ጊዜ ይፍረደን» የሚለው ክርክር ጊዜ ሲፈርድ አልረዳቸውም። ልክ በሠላሳ ዓመቱ፣ በ2006፣ እነዚያኑ ቀይ ወይኖች በለንደንና በናፓ በአንድ ቀን ሲያስቀምሱ፣ አንደኛ የወጣው የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ሆነ፤ እሱም የካሊፎርኒያ ነው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉትም በሙሉ ካሊፎርኒያዎች ሆኑ።

እኛ ከዚህ «የአሜሪካ ይበልጣል» የሚል ትምህርት አንወስድም። አንድን ማርካ አውርዶ ሌላ ማርካ ማንገሥ ምን ይጠቅማል? የምንወስደው ይኸን ነው፤ በዓለም የተመሰከረላቸው ምላሶች ወረቀቱ ሲነሣባቸው ድንበሩን ማግኘት አልቻሉም።

ዓይን ምላስን ሲመራ

ይህ የነዚያ የዘጠኝ ሰዎች ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀን ባለፍን። ነገር ግን በ2001 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት የኛን ቢጤዎች ይመለከታል። በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጥመቃ ትምህርት ለሚከታተሉ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይንና ቀይ ወይን ተሰጣቸው፤ ጠረኑን ግለጹ ተባሉ። ነጩን በሎሚ፣ በማር፣ በአበባ፤ ቀዩን በእንጆሪ፣ በቅመም፣ በመሳሰለው ገለጹ። በሌላ ቀን ያንኑ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልመው አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹ የነጩን ቃላት ጥለው የቀዩን ቃላት አነሡ። አፍንጫቸው ያሸተተው ያው ነጩን ነው፤ የተናገረው ግን ዓይናቸው ነበር።

በ2008 ደግሞ በአሜሪካ አገር ተመራማሪዎች ለሰዎች አንድ ዓይነት ወይን ሁለት ጊዜ አቀመሱ፤ አንድ ጊዜ «90 ዶላር ነው»፣ አንድ ጊዜ «10 ዶላር ነው» እያሉ። ሰዎቹ 90 የተባለውን ይበልጥ ወደዱት። ይህ ለይሉኝታ ብቻ የተናገሩት አልነበረም፤ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲታይ የደስታ ስሜት የሚመዘገብበት ክፍል ራሱ ከፍ ብሎ ይሠራ ነበር። እንግዲህ የደላሎቹ መዝገብ ከወረቀት አልፎ ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሰርጉን አዛውንት የምንፈርድባቸው እንዴት አድርገን ነው!

ታዲያ ምላስ ምንም አያውቅም እንበል? የለም፤ ያውቃል። ግን መሠልጠን አለበት። ቀማሾች የሚሠሩትን እንይ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አድርገው ቀለሙን ያያሉ። ቀጥሎ ወዝወዝ አድርገው ያሸታሉ፤ ምክንያቱም ጣዕም ከምንለው ብዙው ከምላስ ሳይሆን ከአፍንጫ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወጡ ሁሉ አንድ የሚሆንበት ለዚህ ነው። ከዚያ ጥቂት ተጎንጭተው አፋቸው ውስጥ ያንሸራሽሩታል፤ ጣፋጭነቱን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ምሬቱን ይለያሉ። በመጨረሻም ይተፉታል። አዎን፣ ይተፉታል፤ ሰክሮ መፍረድ የለምና።

ዋናው ግን ቃሉ ነው። ድሮ ወይንን «ጨዋ»፣ «ባለ ግርማ»፣ «ባላባት» እያሉ ይገልጹት ነበር። ይህ የማዕረግ ቋንቋ ነው፤ ስለ ጠጁ ምንም አይነግረንም። በ1984 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ግቢ አን ኖብል የተባሉ መምህርት ለዚህ መላ አበጁ። የጠረን ስሞችን በክብ ሰንጠረዥ ደረደሩ፤ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የታጨደ ሣር፣ ጢስ የሚሉ፣ ማንም ሰው ሄዶ ሊያሸታቸውና «እውነት ነው» ወይም «አይደለም» ሊል የሚችል ስሞች። ቋንቋው ከባላባት ቤት ወጥቶ ወደ ጓሮና ወደ ወጥ ቤት ገባ። እኛም በዚህ መንገድ ብንሄድ ቃል አይቸግረንም፤ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ እንኮይ፣ ኮሽም፣ የወይራ ጢስ አለን። ጋን ሲታጠን ያደገ አፍንጫ ጢስ ከጢስ ይለያል።

ገበታና መጠጥ

መጠጥ ግን ብቻውን ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ከምግብ ጋር ነው። ፈረንሳዮች የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ይሄዳል የሚለውን ሲያወሩ ምሥጢር ያስመስሉታል፤ መሠረቱ ግን ጉርብትና ነው። ሳንሴር የተባለው ነጭ ወይን ከዚያው አጠገብ ከሚሠራው የፍየል አይብ ጋር ይስማማል። በሎዋር ወንዝ መውረጃ የሚጠመቀው ሙስካዴ ከዚያው ዳርቻ ባሕር ለሚወጣ ዛጎል ለበስ እንስሳ ምግብ ይጠጣል። ገበሬው ያለውን በላ፣ ያለውን ጠጣ፤ ትውልድ በትውልድ አንዱ ሌላውን እያረመው ተጣጣሙ። ሕጉን የጻፉት ኋላ የመጡት ናቸው።

ምክንያቱን ሳይንስ ጥቂት ጥቂት እያለ ገልጦታል። ቀይ ወይን ከቆዳውና ከፍሬው የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለው፤ እንደ ጠንካራ ሻይ ምላስንና ድድን የሚያደርቀው እሱ ነው። ሥጋና ቅባት ሲያገኝ ያ ድርቀት ይለዝባል፤ ስለዚህ የተጠበሰ ሥጋና ደረቅ ቀይ ወይን ወዳጆች ናቸው። ዓሣ በቀይ ወይን አይሆንም የሚባለውም ተራ ወግ አይደለም፤ በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች በወይኑ ውስጥ ያለው ብረት መብዛት ያን ደስ የማይል የዓሣ ሽታ አፍ ውስጥ እንደሚያመጣው አሳይተዋል። ጨዋማውን ሮክፎር አይብ ከጣፋጩ ሶተርን ጋር ማቅረብም ጨውና ስኳር ተደጋግፈው ስለሚቆሙ ነው።

በርበሬስ? የፈረንሳይ መጽሐፎች ስለ በርበሬ ብዙ የላቸውም፤ በገበታቸው ላይ የለማ። በርበሬ ማቃጠሉ ጣዕም አይደለም፤ ሙቀትንና ሕመምን የሚያውቀውን የነርቭ በር ነው የሚያንኳኳው። አልኮልም ያንኑ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ኃይለኛና ደረቅ ቀይ ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ሲጨመር እሳት በእሳት ላይ ነው፤ የታኒኑም ድርቀት ይብስበታል። ማቃጠሉን የሚያበርደው ጣፋጭነት ነው። እንግዲህ የአዛውንቱ ፊት ለምን እንደተጨማደደ አወቅን። ምላሳቸው ትክክል ነበር። የተሳሳተው ገበታው ነው።

ጠጅ ከማር ነው የሚጠመቀው። ማሩ ማቃጠሉን ያበርዳል፤ የጌሾው ምሬትና ከመፍላቱ የሚያገኘው ኮምጠጥ ያለ ጣዕም የቅቤውን ክብደት ያቀልለዋል። ለክትፎም፣ ለጥሬ ሥጋም፣ ለዶሮም ጠጅ የቀረበው በዘፈቀደ አይደለም፤ ሳንሴርን ከፍየል አይቡ ያጋባው ያው ጉርብትና ነው ያጋባው። የቋንቋችንም ምስክርነት አለ። የፈረንጁን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብለን ስንጠራ፣ ጠጅን መሠረት አድርገን ወይኑን የጠጅ ዓይነት አደረግነው። መለኪያው ማን እንደነበር ስሙ ይናገራል።

ግን እንዳንዋሽ። የኛም ጠጅ ማርካ ነበረበት፤ ብርሌው ላይ ያልተለጠፈ ማርካ። ማር የገበሬው ግብር ነበር። ቀፎውን የሰቀለው፣ ንብ የተነደፈው ገበሬ ማሩን ለጌታ አስረክቦ እሱ ጠላውን ይጠጣ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ግብር ጠጁ የሚፈሰው በማዕረግ ተራ ነበር። አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት እንጂ ጣዕሙን እንዲፈርድ አልነበረም። ቀማሽ ሆኖ ቃል የሌለው ሰው ቢኖር እሱ ነው። ዛሬ በሰርጉ ድንኳን ጠርሙሱ የጠጁን ወንበር ወረሰ፤ ወንበሩ ግን ያው የድሮው ወንበር ነው።

የኛ ቅምሻ

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እኛም እንሞክረው ተባባልን። ገንዘብ አዋጣን። ከመካከላችን የአንዷ እናት ዶሮ ወጥ ሠሩልን፤ «ለትምህርት ነው እማማ» ስንላቸው ስቀውብን ነበር፤ ሲቀመስ ግን ሊያዩ መጥተው ቆሙ። አራት መጠጥ አቀረብን። አንደኛው ከውጭ የመጣ ውድ ደረቅ ቀይ ወይን፤ ሁለተኛው የአገር ውስጥ ርካሽ ደረቅ ቀይ፤ ሦስተኛው የአገር ውስጥ ጣፋጭ ቀይ፤ አራተኛው የጠራ ጠጅ። ስድስት ቀማሾች ዓይናቸው በነጠላ ታሰረ። ለእያንዳንዱ ነጥቡን የሚጽፍለት ሰው ከጎኑ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያለ ምግብ ቀመሱ። ውዱንና ርካሹን ደረቅ ቀይ ለመለየት ሦስቱ ቻሉ፣ ሦስቱ ተሳሳቱ፤ ሳንቲም ወርውረን ብንፈርድም ያው ነበር። ቀጥሎ ከዶሮ ወጡ ጋር ቀመሱ። አምስቱ ጠጁን አንደኛ አደረጉ፤ ጣፋጩን ቀይ ሁለተኛ። በመጨረሻ ያለ በርበሬ የተጠበሰ ሥጋ አቀረብንላቸው። ፍርዱ ተገለበጠ፤ ውዱ ደረቅ ቀይ አንደኛ ወጣ፣ ጠጁ ወደ ታች ወረደ። ለጠጁ ስንል ይህን አንደብቅም። ያ ወይን ጥፋት የለበትም፤ ያለ ቦታው ተቀምጦ ነው እንጂ።

ስድስት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ በዘጠኝ ሰው የተከራከሩትን አይተናል። የኛ ቅምሻ ግን አንድ ነገር አሳየን። ዓይናቸው ሲታሰር አፋቸው ተፈታ። «ይኸ እንደ ኮሽም ነው»፣ «ይኼኛውስ ጢስ ጢስ ይላል» እያሉ የማያባራ ወሬ አወሩ። ነጠላው ሲነሣና ጠርሙሶቹ ሲታዩ ዝም አሉ፤ ማን ምን አለ እየተባለ ሁሉም የራሱን ነጥብ ከማርካው ጋር ማስታረቅ ጀመረ። እማማ ግን ከበሩ ቆመው፣ «አሁን ምን አስደነገጣችሁ? የበላችሁት እኮ ያው ነው» አሉን።

በሰርጉ ላይ «ከዚያኛው ለኛም ቢደርሰን» ብሎ የጠየቀው ጓደኛችንም ከቀማሾቹ አንዱ ነበር። ያን የተመኘውን ዓይነት ውድ ወይን፣ ከዶሮ ወጡ ጋር፣ ከአራቱ መጨረሻ አድርጎት ተገኘ። ውጤቱ ሲነበብ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ጽሑፉ ተሳስቶ ይሆናል፤ ወረቀቴን መልሱልኝ» አለ።

አልመለስንለትም።